ጥፍር የተከለከለች ሴት

እታለማሁ ፊቷን የነጨችው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በ2003 ዓ.ም. ወንድሟ ምንይችል የሞተ ቀን፣ ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እናቷ የሞተች ቀን። በመካከል ያለውን ሦስት ዓመት በቅርብ አይቼዋለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚጽፈው ሰው ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ወረቀቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

ቤታችን እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የሚለየን አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ስለሆነ እሷ ስትስል እኔ ቤት ይሰማል። እኔ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ እሷ ለሾፌርና ለረዳት ሽሮና ምስር የምታቀርብባት አንዲት ክፍል ምግብ ቤት ነበረቻት። ባሏ ለሥራ ብሎ ወደ መተከል ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ሃይማኖት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። እናቷ እማማ ወርቅአየሁ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጥርባ በኩል ካለው መንደር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ምንይችል የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ድንች ጭነው ወደ ጫግኒ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ሬሳው ሲመጣ እታለማሁ ከአምስት ሴቶች እጅ አምልጣ ወጣች። እኛ ዘንድ የቅርብ ሰው የሞተባት ሴት ፊቷን ትነጫለች፤ ከጆሮ ግንዷ ጀምራ በጥፍሯ ወደ ታች ትስበዋለች። ቄሶቹ ይከለክላሉ፣ የጤና ሠራተኞቹም ይከለክላሉ። ሆኖም እጇን የሰበሰበችውን ሐዘንተኛ ሰው አይቶ ዝም አይልም። የዚያን ቀን እታለማሁን ማንም ምንም ሊላት አልቻለም። ደሟ በአንገቷ ወርዶ ነጠላዋን አርሶት ነበር።

የሌሎቹ ሴቶች ፊት በሳምንት ቅርፊት አውጥቶ ሻረ። የእሷ ግን በሁለተኛው ሳምንት ወፈረ። ጠይም ናት፤ ጥፍሯ ባለፈበት ሁሉ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር መስመር ተጋደመ። ከዚያ በመስመሩ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደ ሻማ ፍርፋሪ ተነባበረ። ቀስ እያለ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ቅንድቧ፣ ወደ አፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከፀጉሯ መነሻ ደረሰ። ስትስቅ ይሰነጠቅባታል። ሌሊት ያሳክካታል፤ ቀን ምድጃው ዘንድ ስትቆም ያቃጥላታል። ቅርፊቱን በጥፍሯ ጫፍ ስታነሳው ከሥሩ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቀ ደም ብቅ ብቅ ይላል።

የአባቷ እህት የሻረግ ናት መጀመሪያ ስም ያወጣችለት።

«ምች ነው ልጄ፣ ምች ነው። ለቅሶ ቤት ውለሽ፣ ሆድሽ ባዶ፣ ፀሐይ መታሽ።»

«አክስቴ፣ ምች አፍ ላይ ነው እንጂ ቅንድብ ላይ ይወጣል እንዴ?»

«ምች አድራሻ ይጠይቃል? ባገኘበት ነው የሚያርፈው።»

ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፀሐይ እንድትሸሸግ ተነገራት። እንጅባራ ላይ ፀሐይ ራሷ የምትናፈቅ ናት፤ ዓመቱን እኩሌታ ጉምና ዝናብ ነው። እታለማሁ ያችኑ ያለችውንም ሸሸቻት። ገበያ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ በጥላ ጥላ ትሄድ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነች። ፊቷ በክረምት ይብሳል፤ በበጋም ብዙ አይሻለውም።

በዚህ መካከል አንድ የገበያ ነጋዴ ስም የሌለበት ቱቦ ቅባት ሰጣት። በዐሥር ቀን ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ጠራ። አጥሩን አንኳኩታ «አያ አየነው፣ እስኪ ውጣና እየኝ!» ያለችኝ አሁንም በጆሮዬ ነው። ወጥቼ አየኋት። ደስ አለኝ፤ ግን ደስ ማለቴን የምናገርበት ቃል አጥቼ «ጥሩ ነው» ብቻ አልኩ። ቱቦው ባለቀ በሳምንቱ ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ቆዳዋም ሳስቶ፣ ለብ ባለ ውኃ እንኳ ስትታጠብ «እሳት ነው» ትል ጀመር።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ቀልድ አይጠፋም። ይሄነው የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አንድ ቀን ቅንድቧን እያየ፣

«እታለም፣ ዱቄት ስትነፊ ነው የዋልሽው?» አላት።

«አዎ፤ ሚስትህ ቤት ዱቄት ጠፍቶ እኔ ዘንድ አይደል የምትመጣው» አለችው።

ቤቱ ሳቀ። ይሄነውም ሳቀ። ግን የቀረበለትን ሽሮ በእንጀራው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ተወው፤ በማግሥቱም ሌላ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ እታለማሁ ወደ ጓዳ ገባች፤ የምታቀርበው ሃይማኖት ሆነች። ሰዎቹ ግን የሠራው እጅ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። «ይተላለፋል» የሚለውን ቃል ማን እንደጀመረው አላውቅም። ለምጽ ነው ያለም ነበር። ለምጽ ቆዳን ያነጣል እንጂ ቅርፊት አያወጣም ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ጋዜጣ ላይ አንብቤው አውቅ ነበር። አላስረዳሁም።

በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር የቆዳ ሐኪም እንዳለ ሰማች። ወረቀት የሚያነብ ሰው ስለፈለገች እኔ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእታለማሁን ፊት አይታ አልጨረሰችም፤ እጅጌዋን አስጠቀለለቻትና ክርኖቿን አየች። ክርኖቿ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ሻካራ ነገር ነበር፤ እታለማሁ ሥራ ያጠነከረው ቆዳ ይመስላት ነበር። ጥፍሮቿንም አንድ በአንድ አየች። በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩባቸው። ሐኪሟ እስክታሳየኝ ድረስ እኔም ልብ ብዬ አላውቅም።

«ይህ ፊትዎ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተጎድተው ነበር? ቃጠሎ፣ ቁስል?»

እታለማሁ ወደ መሬት አየች። «ወንድሜ ሞቶብኝ ነበር።»

«አዝናለሁ። እኔ ግን ስለ ፊትዎ ነው...»

«እኔም ስለ ፊቴ ነው። ነጭቼዋለሁ።»

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ ማስረዳት ጀመረች። ሕመሙ ሶሪያሲስ ይባላል አለች። ቆዳ ራሱን በወር ማደስ ሲገባው በቀናት ውስጥ ያድሳል፤ አሮጌው ሳይራገፍ አዲሱ እየደረሰ ይከመራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዘር ግን ሊመጣ ይችላል። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ማስታገሻ አለው። የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ ያ ስም የሌለው ቅባት ይጎዳዋል። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ቢያገኝ ይጠቅመዋል። ይህን ስትል እታለማሁ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸችው ፀሐይ ነው። መጨረሻ ላይ ሐኪሟ «ይህ ሕመም ቁስል ይወዳል። ቆዳ የተጫረበትን ቦታ ተከትሎ ይወጣል። ሁለተኛ ፊትዎን እንዳይነኩት» አለች።

«ሰው ሲሞትስ?»

«እ?»

«ሰው ሲሞት ምን ላድርግ?»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች፤ መልሳም ወደ እሷ ዞረች። «ያልቅሱ» አለቻት። «እንባ ምንም አያደርግም። የከለከልኩዎ ጥፍር ነው።»

«እንግዲያው ይጻፉልኝ። በአማርኛ። ማኅተምም ያድርጉበት።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች፤ ግን ጻፈችው። ከወረቀቱ ላይ እየገለበጥኩ ነው አሁን፦ «ታካሚዋ ወደ ሌላ ሰው የማይተላለፍ የቆዳ ሕመም አለባቸው። ፊታቸውን ቢቧጥጡ ሕመሙ በቁስሉ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በሐዘንም ጊዜ ቢሆን ፊታቸውን እንዳይነጩ ተመክረዋል።» ከሥሩ ፊርማና ክብ ማኅተም አለ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ዳንግላ ላይ ለምሳ ቆመ። እሷ አልወረደችም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አንተ ያዘው አያ አየነው። እኔ ብይዘው ራሴ ያጻፍኩት ይመስላል።»

«ራስሽ አይደለሽ ያጻፍሽው?» አልኩና ሳቅን። ከሳቀች በኋላ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች፤ ተሰንጥቆባት ነበር።

«እማ ደክማለች። ቀኑን ያርቀው። የመጣ ቀን ግን እኔ መናገር አልችልም፤ የሚያለቅስ ሰው እንዴት ሆኖ ስለ ፊቴ ልናገር ይላል? አንተ ተነስተህ ታነብልኛለህ። አክስቴን ታውቃታለህ።»

«አነብልሻለሁ» አልኩ። ስል እውነቴን ነበር።

በዚያ ዓመት ተሻላት። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ትቀመጥ ነበር። ሐኪሟ ያዘዘችላትን ቅባት በስሱ ትቀባለች። ሚያዝያ ላይ ቅርፊቱ ከጉንጮቿ ለቀቀ፤ ጠቆር ያለ ጥላ ብቻ ቀረ። ቅንድቧና የፀጉሯ መነሻ ላይ ጥቂት ተረፈ እንጂ ዳግመኛ ከጓዳ ወጥታ ማስተናገድ ጀመረች። አንድ እሑድ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። እማማ ወርቅአየሁ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ፊቷን በጣቶቻቸው ዳሰሱ፤ ከግንባሯ እስከ አገጯ። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር አሉና ሁለቱም ሳቁ። ምን አሉ ስላት «የማን ልጅ ናት ይህች ለስላሳ? ነው የምትለው» አለችኝ።

እማማ ወርቅአየሁ ያረፉት ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ነው። መርዶው ጠዋት ሲደርስ እታለማሁ መጀመሪያ የፈለገችው ምላጭ ነበር። ሃይማኖት ደንግጣ አጥሩን አንኳኳች። ስደርስ እታለማሁ በሩ ላይ ተቀምጣ ጥፍሮቿን እየቆረጠች ነው፤ እስከ ሥጋው ድረስ። እንባዋ በጣቶቿ ላይ ይንጠባጠባል።

«ወረቀቱን ይዘሃል?»

የኮቴን ኪስ ዳሰስኩ። «ይዣለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እንደ አገራችን የቀብር ወግ ፈረሰኞች በጭቃው ውስጥ መጥተው ሬሳውን ሸኙ። ከቀብር መልስ ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ክብ ሠርተው ቆሙ። የሻረግ ለወንድሟ ሚስት ብላ ፊቷን ነጭታዋለች። እታለማሁ በመካከል ደረቷን እየመታች፣ «እማ! እማ!» እያለች ታለቅስ ነበር፤ ድምጿ ተዘግቶ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እጆቿ ግን ከደረቷ ወደ ላይ አይወጡም።

ሹክሹክታው ከኋላ በኩል ነው የጀመረው።

«ለወንድሟ እንደዚያ ሆና!»

«ከተማ ስትገቢ መልክ ይበልጥብሻል።»

«ገና አሁን ነው አሉ የጠራላት። ሳስታለት ነው።»

ከዳንግላ የመጣችው ሙሾ አውራጅ ዋጋዬ ይህን ሰማች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሐዘንተኛ በወጉ ካላለቀሰ የምትወቀሰው እሷ ናት። ወደ መካከል ገባችና እታለማሁን ፊት ለፊት እያየች አወረደች፦

እንስራ ቢሰበር፣ ገሉ ይመሰክራል፤
እናቷ የሞተች፣ ፊቷ ይናገራል።

ሴቶቹ «ወይኔ!» ብለው ተቀበሉ። ዋጋዬ ደገመችው። የሻረግ ደም የነካውን ነጠላዋን እያሳየች «የሰው እናት ናት እንዴ የሞተችው?» አለች፣ ሁሉም እየሰማ።

እታለማሁ በሴቶቹ ትከሻ መካከል አየችኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ።

ተነሳሁ። እጄ በኮቴ ኪስ ውስጥ ወረቀቱን ይዟል። በአእምሮዬ የመጀመሪያውን ቃል አዘጋጅቻለሁ፤ «ወገኖቼ» ልል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሽባባው መነሳቴን ሲያይ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀልኝ።

«ልትሄድ ነው አያ አየነው? ጃንጥላህ ይኸው፤ ጭቃውን ተጠንቀቅ» ብሎ አቀበለኝ።

ተቀበልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ከዚያ መንገዱ ስለተለቀቀ፣ ሰዎቹም ሊያሳልፉኝ ስለተነሱ፣ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ከድንኳኑ ውጭ ጃንጥላ ዘርግቼ ቆምኩ። ዝናቡ እስኪያባራ ልቁምና እመለሳለሁ አልኩ፤ ሐምሌ መሆኑን እያወቅሁ።

ከውስጥ የሴቶቹ ጩኸት በአንድ ጊዜ ከፍ ሲል ነው የተመለስኩት። እታለማሁ ነጭታዋለች። ጥፍሯን ያሳጠረችው እንዳይቧጥጥ ነበር፤ አዲስ የተቆረጠ ጥፍር ጠርዙ ስለታም እንደሚሆን ግን ሁለታችንም አላሰብንም። ከቅንድቧ ላይ የተረፈው ቅርፊት ተነስቶ ደሙ በነጥብ በነጥብ ወጥቷል፤ ጉንጮቿ ላይ ደግሞ በስምንት መስመር ይወርዳል። የሻረግ አቅፋ ይዛት «ልጄ፣ ልጄ፣ በቃሽ፣ እናትሽን ቀብረሻል» ትላለች። ዋጋዬ ሙሾውን አቁማለች። አንድ ሽማግሌ ቄስ እንደ ወጉ «ተዉ፣ ክልክል ነው» አሉ። እጇን የሚይዝ ሰው አላስፈለገም፤ ጨርሳ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መስመሮቹ ወፈሩ። ክረምት ነው፤ የምትሞቀው ፀሐይ የለም። ባሕር ዳር ለመሄድ ደግሞ ሐዘን ላይ ያለች ሴት እስከ አርባ ቀን ከቤት አትወጣም ተባለች። የሚገርመው በዚያ ወራት ሰው ከፊቷ አልሸሸም። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡት ጉንጮቿን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር። «ለእናቷ ነው» ይላሉ። ይሄነው ሳይቀር መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ከቤቷም በላ።

ዓመቱ ሲደርስ ሙት ዓመቱ ተዘከረና ከል ወለቀ። የሻረግም ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለበሰች። የእታለማሁ ፊት ግን ባለበት ነው፤ ግንባሯን ይዞ ወደ ዐይኗ ሽፋን ወርዷል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿም ማበጥ ጀምረዋል።

«አበዛሽው እኮ» አለቻት አክስቷ። «አሁንም ሌሊት ሌሊት ትነጪዋለሽ መሰለኝ። ሙታንም ይከፋቸዋል።»

እታለማሁ ምግብ ቤቱን በዚያው ወር ዘጋችው። አሁን ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች፤ ድንች ተልጦ ስለሚበላ እጇን የሚጸየፍ የለም።

ከሙት ዓመቱ በኋላ በአንዱ ምሽት ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ዓመት ሙሉ ስንገናኝ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ አውርተናል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አላነሳችብኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«መልሼ ልስጥሽ ብዬ ነው» አልኩ። «ይቅርታ» የሚለውንም ጨመርኩ፤ ግን የሰማችው አይመስለኝም፣ ቀስ ብዬ ነበር ያልኩት።

እሷ ሃይማኖትን ጠራች። ልጅቱ ዐሥራ አራት ሞልቷታል፤ ዕቃ እያጠበች ስለነበር እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። እታለማሁ ክርኗን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችልኝ። የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት ያለው፣ ሻካራ፣ ነጣ ያለ ነገር ነበር። ልጅቱ «ምንድን ነው እማ?» አለች። «ምንም፤ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አለቻት።

ልጅቱ ስትወጣ ወረቀቱን ወደ እኔ መልሳ ገፋችው።

«እኔ እናቴን ቀብሬያለሁ፤ ለእኔ አይሆንም። ለእሷ ያዝላት። እኔ ስሞት አክስቴ ብትኖር እሷ፣ ባትኖር ሌላዋ ትነሳባታለች። ያን ጊዜ ታነብላታለህ።»

«እኔ ልቀድም እችላለሁ እኮ፤ በዕድሜ እበልጥሻለሁ።»

«አትቀድምም» አለች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት፤ ወዲያው መዳፏን ጉንጯ ላይ አደረገች። «ብቻ አያ አየነው፣ የዚያን ቀን ቢዘንብም ጃንጥላ ይዘህ አትምጣ።»